ካርታው ላይ የማን ስም አለ?

(በሰፈራችን የዕድር አዳራሽ ለመጋባት ለተዘጋጁና በቅርቡ ለተጋቡ ጥንዶች ያደረግኩት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ጥቂት አሳጥሬዋለሁ።)

እንደምን ዋላችሁ።

እሑድ ከሰዓት፣ ሰው ምሳውን በልቶ ጋደም በሚልበት ሰዓት መምጣታችሁ ደስ ብሎኛል። ቡናው የሚፈላው ከንግግሩ በኋላ ነው ተብያለሁ። ስለዚህ ቀድሞ የሚወጣ አይኖርም ማለት ነው።

እስኪ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ከእጮኛችሁ ወይም ከባለቤታችሁ ጋር ስለ ቤት መግዛት ያወራችሁ እጃችሁን አውጡ። ሁላችሁም ማለት ይቻላል። ሰፈሩንስ የተነጋገራችሁ? አሁንም ብዙ ነው። የሶፋውን ቀለም? እሺ፣ እዚህ ጋ ሴቶቹ ብቻ ናቸው ያወጡት። ካርታው ላይ የማን ስም እንደሚገባ የተነጋገራችሁስ?

ሦስት እጅ። አንዱ ደግሞ ግማሽ መንገድ ወጥቶ ተመለሰ። አየሁህ፣ ወንድሜ።

ዛሬ የማወራው ስለዚያች ግማሽ እጅ ነው።

ሙያዬ ጥብቅና ነው። አብዛኛው ሥራዬ የቤተሰብ ጉዳይ ነው። እኔ ቢሮ ሰው የሚመጣው ከተኳረፈ በኋላ ነው፤ ቤት ሲገዛ የሚያማክረኝ ጥቂት ነው፣ ቤት ሲካፈል ግን ወረፋ አለ። የሰው ገመና ከማውራቴ በፊት ግን በራሴ ልጀምር።

እኔና ባለቤቴ የመጀመሪያ ቤታችንን ስንገዛ እሷ አራስ ነበረች። አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም ነው። ገንዘቡ ከሦስት ቦታ ተሰበሰበ። ከእኔ ቁጠባ፣ ከእሷ እቁብና ከእናቷ። ደላላው «ሻጩ ሐሙስ ወደ አገር ቤት ሊሄድ ነው፣ ረቡዕ ካልተፈራረማችሁ ሌላ ገዢ አለ» አለን። ደላላ መቼም ሁልጊዜ ሌላ ገዢ አለው። ሕፃኑ ገና ሃያ ቀኑ ነው። እሷ ከቤት አትወጣም። ስለዚህ ብቻዬን ውልና ማስረጃ ሄድኩ፤ ገዢ በሚለው ቦታ የእኔ ስም ብቻ ተጻፈ። ማታ ስመጣ «የአንቺን ስም ኋላ እናስገባዋለን» አልኳት። «እሺ» አለች። ገንፎዋን በላች።

ያ «ኋላ» አራት ዓመት ፈጀ። ጠበቃ ነኝ እኮ። ለሰው የምመክረውን አውቃለሁ። ለራሴ ሲሆን ግን ዛሬ ነገ እያልኩ ቀረሁ።

በአራተኛው ዓመት ቤቱን አስይዘን ብድር ፈለግን። የባንኩ ሠራተኛ የጋብቻ ምስክር ወረቀት ጠየቀች። ከዚያ «ባለቤትዎ ቀርበው መፈረም አለባቸው» አለችኝ። ባለቤቴ መጣች። ወረቀቱን አንድ በአንድ እያገላበጠች ፈረመች። ጨርሳ እስክሪብቶውን ስትመልስ ወደ እኔ ዞር ብላ፣ ፈገግ እያለች፣ «ለቤቱ ያልተፈለገ ስሜ ለዕዳው ተፈለገ?» አለችኝ።

አራት ዓመት ሙሉ በሆዷ ይዛው ኖራለች። አንድም ቀን አልተናገረችም። እኔ ደግሞ የተረሳ መስሎኝ ነበር። በማግስቱ ስሟን ለማስገባት መመላለስ ጀመርኩ። ስንት ቀን እንደፈጀብኝ አልነግራችሁም፤ ተስፋ ትቆርጣላችሁ። በመጀመሪያው ቀን ቢሆን ግን አንድ መስመር ነበር።

አሁን ወደ ሕጉ። አይዟችሁ፣ አላበዛም።

አዲስ አበባና ድሬዳዋ ላይ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ነው፤ አዋጅ ቁጥር 213/1992። ብዙዎቹ ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ አላቸው። ከዚህ አዋጅ በፊት የነበረው የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ አለቃ ያደርገው ነበር። እናቶቻችሁና አያቶቻችሁ ያገቡት በዚያ ሕግ ሥር ነው። አዲሱ ሕግ ይህን ሻረው። በትዳር ውስጥ ከግል ጥረት የተገኘ ገቢ ሁሉ የጋራ ነው ይላል። ደመወዙ የማንም ይሁን የማን። እሱ መሐንዲስ፣ እሷ ልጅ እያሳደገች ቤት የምትውል ብትሆንም ያው ነው።

አንቀጽ 63 ደግሞ ከዚህ አልፎ ይሄዳል። ንብረቱ በአንዳቸው ስም ብቻ ቢመዘገብ እንኳ የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ በስተቀር የጋራ እንደሆነ ይቆጠራል። ይህን ስነግራቸው ብዙ ባሎች ፊታቸው ላይ እፎይታ ይታየኛል። «ታዲያ ሕጉ የጋራ ካለው የስም ጣጣ ለምን አስፈለገ?» ይሉኛል።

የሚያስፈልገው ሦስተኛ ሰው ሲመጣ ነው። ገዢ፣ ባንክ፣ አበዳሪ። እነዚህ ሰዎች ሠርጋችሁ ላይ አልነበሩም። የሚያዩት ወረቀት ነው።

በዚሁ ሕግ አንቀጽ 68 መሠረት የጋራ የሆነን ቤት ለመሸጥ፣ ለመለወጥ፣ በመያዣ ለመስጠት ወይም ለማከራየት የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል። (ከ500 ብር በላይ ለመበደርም ያስፈልጋል። የ1992 ብር ነው እንግዲህ፤ ዛሬ በዚህ ቁጥር ከሄድን ለምሳ ግብዣም ፈርሙልኝ ልንባባል ነው።) ሻጭ ሲቀርብ ያገባ ከሆነ የትዳር ጓደኛው ይፈርማል። ያላገባ ከሆነ ያላገባ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ያመጣል። አሠራሩ ጥሩ ነው። ግን ስሙ ብቻውን ያለበት ካርታ ያለው፣ ጋብቻውም ያልተመዘገበ ሰው «ያላገባ» የሚል ወረቀት ይዞ ቢመጣስ? በባህል የተጋባ፣ ሦስት ልጅ ያለው፣ ዕድር ውስጥ ከነሚስቱ የተመዘገበ ሰው ሊሆን ይችላል። ወረቀቱ ግን ያላገባ ይለዋል።

አንዲት ሴት ቤቷ መሸጡን ያወቀችው አዲሱ ገዢ ቀለም ቀቢ ይዞ በሩን ሲያንኳኳ ነው። ቀለሙን ይዟል፣ ብሩሹን ይዟል፣ በደንብ ነው ሰላም ያላት። እሱ ላይ የሚነሳ ጥፋት የለም፤ የቤቱን ዋጋ ከፍሏል። እሷ ደግሞ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። እንዲህ ያለውን ውል ፍርድ ቤት እንዲሽረው መጠየቅ ይቻላል። ጊዜው ግን አጭር ነው። ካወቀችበት ቀን አንስቶ 6 ወር፣ የሆነ ሆኖ ውሉ ከተፈረመ ከ2 ዓመት ያልበለጠ። ስሟ ካርታው ላይ ቢኖር ኖሮ ቀለም ቀቢው አይመጣም ነበር።

ይህን ገልብጣችሁም እዩት። እናንተ ገዢ ስትሆኑ ደግሞ የሻጩን ሚስት ፈልጉ። ባሏንም እንደዚሁ። «ወረቀቱን አምጥቷል» ብላችሁ አትቀመጡ። ሰፈሩ ሄዳችሁ ከሱቁ ለስላሳ ጠጡና «እነ እገሌ ቤት የቱ ነው?» በሉ። ባለሱቅ ከመዝገብ በላይ ያውቃል። ከክፍለ ከተማው ደግሞ ቤቱ ከዕዳና ከዕገዳ ነፃ መሆኑን አጣሩ። ኮንዶሚኒየም ከሆነ የመሸጫ ጊዜው መድረሱን እወቁ፤ ዕጣ የወጣለት ሰው ለ5 ዓመት መሸጥ አይችልም። ከዚያ በፊት «በውክልና ይዛችሁ ግቡ» የሚላችሁ ደላላ ካለ ሳቁና ውጡ። ውልና ማስረጃ ላይ ግብር ለመቀነስ ዋጋውን አሳንሳችሁ አትጻፉ። ነገሩ ተበላሽቶ ገንዘቡ ይመለስ ቢባል በእጃችሁ ያለው የተጻፈው ዋጋ ነው። የቀረውን የምታስረዱት በምላሳችሁ ነው።

ደላላው ይብቃው። ወደ ጓዳ እንመለስ።

ብዙዎቻችሁ የምትይዙት ጥያቄ ይኸኛው ይመስለኛል። አንዳችሁ ከሠርጉ በፊት ዕጣ ደርሷችኋል እንበል። ቅድመ ክፍያውን ከፍላችኋል። ከዚያ ተጋባችሁ። ወርሃዊ ክፍያው ከጋብቻ በኋላ ለዓመታት ይቀጥላል። ቤቱ የማን ነው? ሕጉ ከጋብቻ በፊት የነበረ ንብረት የግል ነው ይላል። ይኸው ሕግ በትዳር ውስጥ የሚገኝ ደመወዝ የጋራ ነው ይላል። ወርሃዊ ክፍያው የተከፈለው ደግሞ ከዚያ ደመወዝ ነው። አያችሁ? ሁለቱም ትክክል ናቸው፣ ሁለቱም ችሎት ፊት ቆመው ይጮኻሉ። እሱ የዕጣውን ቀን ያነሳል። እሷ አሥር ዓመት ያለ አዲስ ጫማ ያሳለፈችውን ፋሲካ ታነሳለች። ጫማ የማስረጃ ዝርዝር ውስጥ የለም።

ለዚህ የሚሆን መሣሪያ አለን፤ የምንጠቀምበት ግን ትንሽ ነን። የጋብቻ ውል ይባላል። በጽሑፍ ይሆናል፣ አራት ምስክሮች ይፈርሙበታል፤ ሁለት በሙሽራው በኩል፣ ሁለት በሙሽሪት በኩል። ቤቱ የግሌ ነው፣ ወይም ከሠርጉ ቀን ጀምሮ የጋራችን ነው፣ ወይም ቅድመ ክፍያው የእኔ ሌላው የጋራ ነው ብላችሁ እንደ ሁኔታችሁ ትጽፋላችሁ። ከሠርጉ በፊት ቀላል ነው። ከተጋባችሁ በኋላ ባልና ሚስት እርስ በርሳቸው የሚዋዋሉት ውል ፍርድ ቤት ካላጸደቀው ዋጋ የለውም። ስለዚህ ሁለታችሁ ሳሎን ቁጭ ብላችሁ ፈርማችሁ መሳቢያ ውስጥ የከተታችሁት ወረቀት ካለ፣ መሳቢያውን ከማጨናነቅ ያለፈ ጥቅም የለውም።

የቤተሰብ ገንዘብ ሌላው ጣጣ ነው። የእኔ አማት ያንን ገንዘብ ስትሰጠን በሻሽ ጠቅልላ ነበር። ባለቤቴ መዳፍ ላይ አስቀመጠችው። ዓይኗ ግን እኔን ያያል። «ይኸው፣ ለቤታችሁ» አለች። አሁን ይህ ስጦታ ለማን ነው? ለልጇ ከሆነ የልጇ የግል ነው። ለሁለታችን ከሆነ የጋራ ነው። መዳፉ የባለቤቴ፣ ዓይኑ ወደ እኔ፣ ቃሉ «ለቤታችሁ»! ዳኛ ቢሆኑ ምን ይላሉ? እኛ ደግነቱ አልተጣላንም። ከተጣሉት መካከል ግን ይህችን «ለቤታችሁ» ሁለት ዓመት የተከራከሩባት አሉ። በባንክ አስልኩት። ለማንና ለምን እንደሆነ በሁለት መስመር አስጽፉ። እናታችሁ «ደግሞ ልጄን ላስፈርም?» ብላ ትቆጣለች። ትቆጣ። ቡና አፍሉላት።

አሁን ደግሞ እዚህ ስለሌሉ ሰዎች ላውራ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ እጮኛው ወይም ባለቤቱ ውጭ አገር ያለ አለ? አዎ። ዱባይ፣ ሪያድ፣ ቤይሩት፣ ዋሽንግተን።

አንድ ቀን ቢሮዬ አንዲት ሴት መጣች። ፌስታል ይዛለች። ጠረጴዛው ላይ ገለበጠችው። የሐዋላ ደረሰኝ ነው። ብዙዎቹ ቀለማቸው ጠፍቶ ነጭ ወረቀት ሆነዋል። በሰው ቤት ሠርታ፣ ከአረብ አገር ለአሥራ ሁለት ዓመት የላከችው ነው። አንዳንዱ ላይ በእስክሪብቶ «ለሲሚንቶ»፣ «ለብረት»፣ «ለበር» ብላ ጽፋለች። ለበር የላከችው ሁለት ጊዜ ነው። «የመጀመሪያው በር የት ሄደ?» አልኳት። «እሱን ነው እኔም የምጠይቅዎ» አለችኝ።

ገንዘቡን ለባሏ ልካ ቢሆን ኖሮ ሥራዬ ይቀል ነበር። በጋብቻ ውስጥ የተሠራ ቤት ነው፤ በእሱ ስም ቢሆንም የጋራ ነው። ከፍቺ በኋላም እኩል ነው የሚካፈለው። እሷ ግን የላከችው ለወንድሟ ነበር። «ባል ይከዳል፣ ወንድም ግን ደም ነው» ብለው መክረዋታል። ቤቱ በወንድምየው ስም ተሠራ። የቤተሰብ ሕጉ ወንድም ላይ አይደርስም። ብድር ነው? ስጦታ ነው? አደራ ነው? አንድ ወረቀት የለም፤ ያለው ነጭ የሆነ ደረሰኝ ነው።

ውጭ ያላችሁ ወይም ውጭ ያለ ሰው ያላችሁ ስሙኝ። መግዛትና ስም ማስገባት በውክልና ይቻላል። ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ሄዶ ውክልና ይሰጣል፣ እዚህ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጣል፣ ውልና ማስረጃ ይመዘገባል። ውክልናው ላይ «በስሜ እንዲገዛልኝ» ይባል። «እንዲገዛ» ብቻ አይበቃም። እንዲሸጥም ካልፈለጋችሁ የመሸጥ ሥልጣን አትስጡ። ሕጉ ቤት ለመሸጥ ልዩ ውክልና ይጠይቃል፤ ስለዚህ ካልጻፋችሁለት አይሸጥም። ሰው ግን ጸሐፊው ያዘጋጀውን ቅጽ ሳያነብ ይፈርማል፤ ቅጹ ላይ ደግሞ መሸጥ፣ መለወጥ፣ ማስያዝ አንድ ላይ ተደርድሯል።

በነገራችን ላይ በዚህ ነገር ገበሬው ከእኛ ከከተሜዎቹ ቀድሟል። አማራ ክልል ውስጥ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በሚሰጠው የገጠር መሬት ይዞታ ደብተር ላይ የባልና የሚስት ስም ጎን ለጎን ይጻፋል። ፎቶግራፋቸውም ይለጠፋል። አንድ ጊዜ ለሥራ ገጠር ሄጄ አንድ አባወራ ደብተሩን ከሣጥን አውጥቶ አሳየኝ። በጨርቅ ጠቅልሎታል። እሱ ጋቢውን ለብሶ ቀጥ ብሎ፣ እሷ ሻሿን አስራ። «ያለ እሷ ፎቶ አይሰጥም አሉኝ፣ ይዣት ሄድኩ» አለኝ። እኔ የዲግሪው ባለቤት ሚስቴን አራስ ናት ብዬ ትቻት ነው የሄድኩት።

ስለ ባንክ አንድ ነገር ብቻ ልበል። ቤት አስይዛችሁ ብድር ስትወስዱ የመክፈያው ጊዜ ሲያልፍ ባንኩ ክስ መመሥረት አያስፈልገውም። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ራሱ በሐራጅ ይሸጣል። ግን ማስጠንቀቂያ የያዘ ደብዳቤ ሲመጣ ለሚስት እንዳይታይ ፍራሽ ሥር የሚከቱ ሰዎች አሉ። ፍራሹ ላይ አብራችሁ ነው የምትተኙት።

የመጨረሻው ነገር ሞት ነው። ይቅርታ፤ ሠርጋችሁ ገና ነው፣ አውቃለሁ።

ብዙ ሰው «እኔ ብሞት ቤቱ ለሚስቴ ነው» ብሎ ያስባል። አይደለም። በእኛ ሕግ የትዳር ጓደኛ ያለ ኑዛዜ ወራሽ አይደለም። በሕይወት ያለው ከጋራ ንብረቱ ግማሹን ይወስዳል፤ የራሱ ድርሻ ነውና። የሟቹ ግማሽ ለልጆች ይሄዳል። ልጅ ከሌለ ለሟቹ ወላጆች። እንግዲህ ልጅ ያልወለዳችሁ ጥንዶች አስቡት። ባል ቢሞት ሚስት ከአማቷና ከአማቿ ጋር የቤት ባለድርሻ ትሆናለች። አንድ ሳሎን፣ ሁለት መኝታ፣ ሦስት ባለርስት። ደግ አማት ካለችሽ ጥሩ። ከሌለችሽም ሕጉ ያው ነው።

መፍትሔው ኑዛዜ ነው። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በአራት ምስክሮች ፊት ተነቦ ይፈረማል። ራሳችሁ በእጃችሁ ጽፋችሁ፣ ኑዛዜ መሆኑን ገልጻችሁ፣ ቀን አስፍራችሁ፣ እያንዳንዱን ገጽ ፈርማችሁ ማድረግም ይቻላል። አንድ ወጥመድ ግን አለ፣ ብዙ የሚዋደዱ ሰዎች ይገቡበታል። ባልና ሚስት አንድ ወረቀት ላይ «ከእኔ ቀድሞ የሞተ ለሌላው» ብለው አብረው ይናዘዛሉ። ያምራል። ግን ፈራሽ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ሁለት ሰው በአንድ ሰነድ የሚያደርገውን ኑዛዜ ውድቅ ያደርገዋል። ለካርታው አንድ ወረቀት፣ ለኑዛዜው ሁለት ወረቀት።

ጨርሻለሁ ብዬ ማይኩን ልመልስ ስል ከኋላ አንድ ሽማግሌ እጃቸውን አወጡ። የዕድሩ ነባር አባል ናቸው። ለወጣቶች በተዘጋጀ ስብሰባ ለምን እንደመጡ መጀመሪያ አልገባኝም ነበር።

«ልጄ» አሉኝ፣ «እኔ በትዳር አርባ ሁለት ዓመቴ ነው። ቤቱ በእኔ ስም ነው። ልጅ አልሰጠንም። ወንድሞች አሉኝ። እሷስ?»

አዳራሹ ጸጥ አለ።

«ጋሼ፣ ሰኞ ቢሮዬ ይምጡ» አልኳቸው። «ግን ብቻዎን አይምጡ። እሳቸውንም ይዘዋቸው ይምጡ።»

«እሷ እግሯን ያማታል። ደረጃ አትወጣም። እኔ ብቻዬን ብመጣ አይሆንም?»

አይሆንም አልኳቸው። አድራሻቸውን ጻፍኩ። ሰኞ ጠዋት እኔ እሄዳለሁ።